የሚጉ ዕዳ

አቃቂ የምንኖር ሰዎች ብረት ሲሞት እናያለን። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቃቀመው የተሰበረ አልጋ፣ የዛገ በርሜል፣ የመኪና ቻሲስ በዚሁ በአቃቂና በቃሊቲ ማቅለጫ ገብቶ ፌሮ ሆኖ ይወጣል። እቶኑ «ምን ነበርክ?» ብሎ አይጠይቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ቶርኖ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝና ይህ የብረት መርሳት ደስ ይለኛል።

ጎረቤቴ ግን የማይሞት ብረት ያውቃል። ቢሾፍቱ፣ አየር ኃይል ውስጥ የሚግ ቴክኒሻን ነበር። ሚግ 23 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1959 ዓ.ም. ነው፤ ለእኛ የመጣው በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት። የሠራው አገር ፈረሰ፣ የገዛው መንግሥት ወደቀ፣ እሱ እየታደሰ ይበራል። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1962 መሥራት ያቆሙትን ቢ-52 እስከ 2050 ድረስ ሊያበሩት አስበዋል።

«ሞተሩ ይወርዳል፣ ቱቦው፣ ሽቦው፣ ጎማው ይቀየራል፤ ቆርቆሮው ሳይቀር ይለወጣል» ይለኛል። «ታዲያ የድሮው ምኑ ነው?» ስለው «መዝገቡ» አለኝ። እያንዳንዱ አውሮፕላን የበረረበት ሰዓትና የተቀየረለት ዕቃ የሚጻፍበት ደብተር አለው፤ ደብተሩ ከጠፋ ለበረራ የሚፈርምለት አይገኝም።

ክርክራችን የተነሳው ከዚህ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ሚጎች የሐውዜንን ገበያ ደበደቡ። በዚህ ጉዳይ ጎረቤቴ ንግግሩ አጭር ነው፦ «ብረት ኃጢአት የለውም ጋሼ፤ ኃጢአቱ ያዘዘው ሰው ነው።» ሃይማኖታችንም ከእሱ ወገን ይመስላል፤ ንስሐ የሚገባ ሰው እንጂ ቆርቆሮ አይደለም። ሆኖም ይኸው ሰው በ1990 ዓ.ም. የአስመራን አየር ማረፊያ የመቱትን ሲያነሳ «የእኛ ሚጎች!» ብሎ ደረቱን ይነፋል። እዚህ ላይ አልለቀውም። ለክብር ሲሆን ያው የድሮው፣ ለደም ሲሆን ዕቃው ሁሉ የተቀየረ አዲስ፣ እንዴት ይሆናል? እኔም ብሆን «ጥርሴም ቆዳዬም ሌላ ሆኗል፤ ያኔ የተበደረው እኔ አይደለሁም» ብል የዕድራችን ዳኛ ይስቅብኛል።

ኢሳይያስ ማረሻ ይሆናል ያለው ሰይፍ መጀመሪያ እሳት መግባት አለበት። የእኛ ሚግ እሳት አልገባም፣ ታደሰ እንጂ። እቶን የገባው ብረት ከትናንቱ ይፈታል፤ የታደሰውን ግን ያሳደሰው መንግሥት ከነትናንቱ ተረክቦታል፣ ወደደም ጠላም። ኃጢአቱን አውሮፕላኑ ይሸከም አላልኩም፤ ባለቤቱን ነው የምለው።

«የሚያበሩት ልጆች እኮ ሐውዜን ጊዜ አልተወለዱም» ይለኛል። ልክ ነው። ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ሕዝቅኤል ተናግሯል፤ ከነቢዩ ጋር አልጣላም። መከሰስ ግን ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። አንድ ወጣት አብራሪ ኮክፒት ከመግባቱ በፊት ያን ደብተር ሲገልጥ ያቺን ረቡዕም ተጽፋ ቢያገኛት እመርጣለሁ።

ጎረቤቴ ሳቀብኝ። «እዚያ ላይ የሚሞላው ሰዓትና ብልሽት ነው። የት ምን እንደጣለ የሚጻፍበት ረድፍ የለውም።»

«ይጨመርለታ» አልኩት።