ወፍ ነገረችኝ

ልጄ፣ ባለፈው ሰሞን ያደረግሽውን አልረሳሁትም፤ ልቆጣሽ ግን አይደለም። «ነገ ሰቆጣ ስንዴ ይታደላል» የሚል ወሬ በቴሌግራም ደረሰሽ፤ ውሎ ሳያድር ለአርባ ሰው በተንሽው። በማግስቱ ሴቶች ልጅ አዝለው፣ ባዶ ማዳበሪያ ጠቅልለው፣ ከቆላው ሌሊቱን ተጉዘው መጡ። ስንዴ የሚባል አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ አድረው በመጡበት እግራቸው ተመለሱ። ማን እንደጻፈው ስጠይቅሽ «እኔ እንጃ፣ ግሩፕ ላይ ነው ያየሁት» አልሽኝ።

እኛ ይህን «ወፍ ነገረችኝ» እንለው ነበር። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ አገሬው አውጫጭኝ ይቀመጣል። ጎረቤቱን በስም ጠርቶ ደም መቃባት የፈራ ሰው፣ የሚያውቀውን «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያወጣዋል። ባለቤት የሌለው ወሬ በእናንተ ዘመን የተጀመረ እንዳይመስልሽ። ብቻ የወፏ ቃል ገበያ አይወጣም፤ የተመረጡት ሽማግሌዎች ጆሮ ነው የሚገባው። እነሱም «አይተህ ነው ሰምተህ? ከማን? የት ቆመህ?» እያሉ ቃልን ከቃል ያስተያያሉ። (አውጫጭኝም በደል ነበረበት፤ ነገሩ እስኪወጣ ገበሬው ከእርሻው ተስተጓጉሎ ይውል ነበር።) ያንቺ ስልክ ወፏን አምጥቶ ሽማግሌዎቹን እዚያው ትቷቸዋል። እንግዲህ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ሽማግሌ መሆንሽ ነው፤ ከመበተንሽ በፊት ጠይቂ።

ስልኩን ጣዪ አልልሽም። የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ በደረሰ ጊዜ መስመር ጠፍቶ፣ ባሕር ዳር ያለው አጎትሽ መኖር አለመኖራችንን ሳያውቅ ከርሟል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በወጣበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ውሸቱ አብሮ የሚቋረጥ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከሹፌር ወደ ሹፌር እየተላለፈ መናኸሪያ ገባ፤ የሚያጣራው ሰው ብቻ ታጣ።

ደግሞ ስልክ ሲባል ፌስቡክ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የገበሬ ምክር መስመር በነጻ ይደወላል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ተራዋ ባለ ቁልፍ ስልክም ትበቃዋለች። የአያትሽ አማርኛ ግን ከገበያ አያልፍም፤ ነገር የሚገባት በኽምጣና ነው። አንቺ ሁለቱንም ታውቂያለሽ። አጠገቧ ተቀምጠሽ ስለ ማሽላዋ የሚባለውን አዳምጠሽ ብትነግሪያት፣ ከአርባ ሰው ግሩፕ ያንቺን አንድ ቀን እመርጣለሁ።

ሰቆጣ ብለሽ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚል ታገኛለሽ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ሊያስቀር። በከተማችን ስም የተገባ ቃል ነውና የት እንደደረሰ መጠየቅ ያምርብናል። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ነገር ግን ፌስቡክ ላይ «የት አለ?» ብሎ መጮህን ማንም ጥያቄ ብሎ አይመዘግበውም። ማመልከቻ ጻፊ፣ መዝገብ ቤት አስገቢ፣ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ «ማመልከቻዎ የለም» ተብዬ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ወንድምሽ ያነሳውን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ፋይሉ ከመደርደሪያው ላይ ወረደ።

ካሜራሽን ግን ወደ ተፈናቃይ እናት ፊት አታዙሪ። የደረቀውን ቧንቧ አንሺ፣ ተጀምሮ የቀረውን ግንብ አንሺ፤ የራበው ሰው ፊት የአንቺ ማስረጃ አይደለም። በ77ቱ ድርቅ እኛን ያነሱን ሰዎች ስማችንን እንኳ አልጠየቁንም።

እሑድ የእድሩ ሰዎች ስለተበላሸው ቦኖ ውኃ ይሰበሰባሉ። መጥተሽ ቃለ ጉባኤውን ያዢልን፤ የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ማታ መብራት ካለ ስልክሽን ሞልተሽ እደሪ።