«በቃኝ» እና «ይበቃሃል»
ስለ ትንሽ መንደርና ስለ ቀላል ኑሮ



በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ የተሰማራን ሰዎች ከከተማ ርቀው በሚገኙ ትንንሽ ቦታዎች ከገቡ አዲስ ኦሊም ቤተሰቦች አንድ ጥያቄ ደጋግመን እንሰማለን። አባት «እዚህ ምን ይዘን እንኖራለን? ዘመድ ሩቅ ነው፤ አውቶቡሱ አንዴ ካመለጠ ቀኑ አለፈ ማለት ነው» ይላል። እናት ደግሞ «እኔስ ጸጥታውን ወድጄዋለሁ፤ ልጆቹም ደጅ ወጥተው ይጫወታሉ» ትላለች። ልጆቹ ሁለቱንም እየሰሙ ዝም ይላሉ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ደግሞ «እናንተ እኮ የገጠር ሰዎች ናችሁ፤ ቀላል ኑሮ ለምዳችኋል፤ ይበቃችኋል» ብሎ ይጨምርበታል።

ለመሆኑ ቀላል ኑሮ ምንድን ነው? ትንሽ ቦታን መውደድስ የሚመሰገን ነገር ነው ወይስ መሸነፍ? በዚህ ገጽ አብረን እንድናስብበት እንፈልጋለን።

መልሱን ከራሳችን ገበታ ብንጀምር ይሻላል። በእኛ ባህል እንግዳ ሲጠግብ «በቃኝ» ይላል። ባለቤቱም «በሞቴ፣ ትንሽ ጨምሩ» እያለ ይለምነዋል። እንግዳው በልቶ፣ አመስግኖና ተከብሮ ይሄዳል። ነገር ግን ባለቤቱ ቀድሞ «ይበቃሃል» ብሎ መሶቡን ቢያነሳስ? የተበላው እንጀራ ያው ቢሆንም እንግዳው ተዋርዶ ይወጣል። ሁለቱ ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የሚለያዩት በተናጋሪው ነው። «በቃኝ» ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው የጥጋብና የነፃነት ቃል ነው፤ «ይበቃሃል» ግን ሌላው የሚያበጅልን ድንበር ነው።

በዚህች አገር ስለ ቀላል ኑሮ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ዳዊት ቤን ጉሪዮን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ በ67 ዓመታቸው የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለቀው ከባለቤታቸው ከፓውላ ጋር በነጌቭ በረሃ ወደሚገኘው ወደ ስዴ ቦከር ሄዱ። ኪቡጹ የተመሠረተው ገና በ1952 ዓ.ም. ነበር። ከበጎች ጋር ሠሩ፤ በትንሽ የእንጨት ቤትም ኖሩ። ቤቱ ዛሬም ይጎበኛል። ይህ የሚያስከብር ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በዚያ ትንሽ ቤት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ነበሯቸው፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመልሰው መንገድም አልተዘጋባቸውም። በእርግጥም በ1955 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ሥራ ተመልሰዋል። «በቃኝ» ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ማንም «ይበቃዎታል» አላላቸውም።

የእኛ ወላጆች ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። በጎንደር አካባቢ በወለቃም ሆነ በአምቦበር የነበረው ኑሮ ቀላል ነበር ስንል እውነቱን ሁሉ አልተናገርንም። አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸማ ሠርተው፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠርተው ኖረዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ የርስት መብት ስላልነበራቸው የሰው መሬት እያረሱ ከምርታቸው ለባለመሬቱ ይከፍሉ ነበር። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1975) ነው። ስለዚህ ያ ኑሮ የተመረጠ ቀላልነት ብቻ ሳይሆን የተጫነ እጦትም ነበረበት። ዛሬ አዛውንቶቻችን «አገር ቤት እንዲህ ነበር» እያሉ ሲተክዙ የሚናፍቁት እጦቱን አይደለም። የሚናፍቁት ሥራቸውን ማወቃቸውን፣ ጎረቤት በስማቸው መጥራቱን፣ ሰንበት ሲገባ መንደሩ ሁሉ አብሮ ማረፉን ነው።

እንግዲህ ያልመረጡትን ቦታ መውደድ አይቻልም ማለት ነውን? ይቻላል፤ ለዚህም ምስክር አለን። ከቤርሼባ አጠገብ ነቫቲም የምትባል ሞሻብ አለች። እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ከደቡብ ሕንድ ከኮቺን የመጡ አይሁድ ገቡባት። ከዝናብና ከልምላሜ አገር ተነሥተው ወደ ደረቅ ምድር መጡ። ከመካከላቸው በንግድ ይተዳደሩ የነበሩ ብዙዎች ግብርናን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። ሁሉም አልቆዩም። የቆዩት ግን በአገራቸው አሠራር ምኩራብ ሠሩ፤ ታሪካቸውን የሚያሳይ ሙዚየምም ከአጠገቡ አቆሙ። የኮቺን ሴቶች በደብተር ጽፈው የጠበቋቸውን የማላያላም ዘፈኖች ይዘው መጡ። በበረሃው ላይ እጃቸው ያረፈበት ነገር ሲበዛ ቦታው የእነርሱ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ፍቅር በትእዛዝ እንደማይመጣ ነው። ሰው በእጁ የሠራበትን፣ የራሱን ነገር ይዞ የገባበትን፣ ሊወጣ ሲፈልግ በሩ የማይዘጋበትን ቦታ ይወዳል። በአንዳንድ ከተሞች አዛውንቶቻችን ትንሽ መሬት ሲሰጣቸው ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ ይተክላሉ። የሚያገኙት ጎመን ከሱፐር ቢገዛ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። ግን በልጆቻቸው ቋንቋና ወረቀት መካከል ተማሪ ሆነው የዋሉ ሰዎች በዚያች መሬት ላይ እንደገና አስተማሪ ይሆናሉ። ይህ በሼቄል አይተመንም።

በሌላ በኩል ደግሞ ከተማ መግባት ብቻውን ከእጦት አያወጣም። ሶፋው በታሽሉሚም፣ ቴሌቪዥኑ በታሽሉሚም፣ ሠርጉ በብድር ሆኖ ባንኩ በየወሩ ሚኑስ ሲያሳይ ባልና ሚስት ይጣላሉ። «እገሌ ገዝቷልና እኛስ?» የሚለው ጥያቄ ማለቂያ የለውም። «በቃኝ» ማለትን ያልተማረ ሰው በትልቅ ከተማም በትልቅ ቤትም ይራባል።

ይሁን እንጂ ይህን ምክር ስንሰጥ ልንጠነቀቅ ይገባል። «በቃኝ» የሚባለው ስለ ዕቃ ነው። ስለ ልጅ ትምህርት፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ መብት «በቃኝ» አይባልም። ትምህርት ቤቱ ደካማ ከሆነ፣ ክሊኒኩ ሩቅ ከሆነ፣ አውቶቡሱ የማይመጣ ከሆነ ችግሩን ቀላል ኑሮ ብሎ መሸፈን ስሕተት ነው። ይጠየቅ፣ ይጻፍ፣ በኅብረት ይቅረብ። መንደሩን የሚወድ ሰው መንደሩ እንዲሻሻል ይጠይቃል።

ወላጆችም ብንሆን በልጆቻችን ላይ «ይበቃሃል» ከማለት እንቆጠብ። እኛ ጸጥታን ፈልገን መጥተን ሊሆን ይችላል፤ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ሌላ ረሃብ አለው። እርሱ ነገ ወጥቶ ቢማር መንደሩን ከዳ አይባልም። እንዲሁም በልጆች ፊት ቦታውን «ይህ የሰው ቦታ ነው እንዴ?» እያልን አናንቋሽሽ። የሚኖርበት ቤት ሲናቅ የሚሰማ ልጅ ራሱንም መናቅ ይማራል።

ስለዚህ ለመቆየትም ሆነ ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ ሦስት ነገር ቢጠያየቅ መልካም ነው። እዚህ በእጃችን የምንሠራው ነገር አለን? ስማችንን የሚያውቅ ጎረቤትስ? የልጆቻችን መንገድስ ክፍት ነው? ሦስቱም ካሉ ትንሿ ቦታ ትልቅ ናት፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውም እውነት ይሆናል። ከሌሉ ግን መሄድን ማሰብ ውርደት አይደለም።

ውሳኔው የቤተሰቡ ነው። «በቃኝ» የሚለውን ቃል ማንም አይናገርልን፤ እኛም ለሌላው አንናገርለት።