የተረፈ ሁሉ ትርፍ አይደለም

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጀትስኪ ነው። «መዋኘት እንኳን ሳትችል ምን አገባት!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ አልችልም። ግን እዚህ ኩዌት የምንሠራ ብዙዎቻችን ሙቀቱ ሲመጣ ከቤተሰቡ ጋር ሻሌ እንወርዳለን፤ እነሱ ባሕሩ ላይ፣ እኛ ኩሽና ውስጥ። ሻይ ሳመላልስ አንድ ጥያቄ ያዘኝና እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አንድ ነገር ከዚህ በላይ መሮጥ ስለቻለ ብቻ እንዲሮጥ ማድረግ ተገቢ ነው ወይ?

የማዳም ትልቁ ልጅ ጀትስኪ አለው። አንድ ግብፃዊ መካኒክ እየመጣ ይሠራለታል። እኔም ሻይ እያቀረብኩ ስጠይቅ ስጠይቅ አሠራሩን ለመድኩት። ጀትስኪ ከሆዱ በታች ውሃ ይስባል። ቀለበት ውስጥ የሚሽከረከር ኢምፔለር የሚሉት ምላጭ አለ፤ እሱ ውሃውን ገፍቶ በኋላ በኩል ያስፈነጥረዋል፣ ጀትስኪውም ወደፊት ይሄዳል። መሪውን ስትጠመዝዙት የሚዞረው ያ ውሃ የሚወጣበት አፍ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ያደረጉለት ቀለበቱን መቀየር ነበር። በምላጩና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር በታች መሆን አለበት። ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲነዳ አሸዋና ጠጠር እየሳበ ቀለበቱ ይበላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጀትስኪው እንደ ድሮው አይሄድም። አዲስ ቀለበት ሲገባለት ጉልበቱ ተመለሰ። እኔም ደስ አለኝ። የደነዘዘ ቢላዋ እንደ መሳል ነው፤ ማንንም አይጎዳም፣ የባከነውን ይመልሳል።

ልጁ ግን በዚህ አልጠገበም። ፋብሪካው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስቀመጠውን ገደብ አስነሳ፣ አየር ወደ ሞተሩ እየጨመቀ የሚያስገባውን ሱፐርቻርጀር ግፊቱን አስጨመረ። በአሜሪካ አምራቾቹ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃው ጋር ተስማምተው ከፋብሪካ የሚወጣ ጀትስኪ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ እንዲቆም አድርገው ነበር። መካኒኩን «ታዲያ ፋብሪካው ለምን እዚህ ላይ አቆመው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና «ፈርተው ነው፤ ይሄ ሁሉ ጉልበት ዝም ብሎ ተኝቷል» አለኝ።

ተኝቷል! ይህ ቃል ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። እናቴ ሊጥ ስታቦካ ቡሃቃውን እስከ አፉ ሞልታው አታውቅም። ልጅ ሆኜ «ባዶው ለምን ይቀራል፣ ብንሞላው እኮ ብዙ እንጀራ ይወጣል» ብላት፣ «ሊጡ ሲነሳ የት ይሂድ?» አለችኝ። ያ ባዶ ቦታ ሥራ ፈት አልነበረም። ሥራው መጠበቅ ነበር።

ሞተርም እንደዚያው ነው። አየር ሲጨመርለት ነዳጁና ማቀዝቀዣው ካልተከተሉት ፒስተኑ እስከ መቅለጥ ይደርሳል። ተኝቷል የተባለው ጉልበት ለካ የሚጠብቀው ነገር ነበረው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ትንሿን ልጅ ይዤ ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ። ልጁ ሊያሳየን ብሎ ወደ እኛ እያበረረ መጣ። ሲቀርብ ደነገጠና እጁን ከነዳጅ መስጫው አነሳ። የደነገጠ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው። የእሱ ጀትስኪ ግን ፍሬን የለውም። በፈረንጆቹ ከ2009 ወዲህ ፍሬን የመሰለ ነገር ያላቸው ወጥተዋል፣ የእሱ ግን ከእነዚያ አይደለም። ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ነዳጅ ካልተሰጠው ውሃ በኃይል አይወጣም፣ ውሃ ካልወጣ ደግሞ መሪው አይሠራም። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞት ሳለ ጀትስኪው ቀጥ ብሎ መጣ። ልጅቷን አቅፌ ወደ ጎን ወደቅሁ። ሁለት ክንድ ያህል ርቆን አለፈና አሸዋው ላይ ወጥቶ ቆመ። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ «ወላሂ ጠምዝዤው ነበር!» ይላል።

እውነቱን ነው፣ ጠምዝዞታል። ያስጨመረው ግን መሮጫውን እንጂ መመለሻውን አልነበረም።

«ገንዘቡም የራሱ፣ ሕይወቱም የራሱ፣ ምን አገባሽ?» የሚል ይኖራል። ይህን አስቤበታለሁ። ሰዎች ተስማምተው፣ ባሕሩ ተከልሎ፣ ሁሉም የሚገባበትን አውቆ ከተወዳደሩ እኔ ጠብ የለኝም። አንዳንዱ ብልሃትም የሚገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ውድድር ነው። ግን ያ የተተወው ክፍተት የነጂው ብቻ ነው ወይ? በፊዚክስ እንደተማርነው፣ ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲጨመር ፍጥነቱ ያደገው በ20 ከመቶ ነው፣ የሚመታበት ጉልበት ግን በ44 ከመቶ ያድጋል። ደስታው የነጂው ነው፤ ያቺ 44 ግን የምትደርሰው ፊቱ ላገኘችው ሰው ነው። እኔም ልጅቷም አልተጠየቅንም። ስለዚህ ልጁ ያነሳው የራሱን ገደብ ብቻ አልነበረም፤ የእኛንም መጠባበቂያ ነው የወሰደው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማሻሻል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የባከነውን ይመልሳል፣ ሌላው የተጠበቀውን ይበላል። ሲታዩ ሁለቱም ፍጥነት ናቸው። የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ የተረፈው ለማን ነበር የተቀመጠው?

ጥያቄው ለእኛም ይሆናል። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ይላል። ያም ገደብ ነው። «ጎበዝ ነሽ፣ አንድ ቤት ደግሞ ትጨምሪያለሽ» ሲሉን ደስ ብሎን «አልደከመኝም» የምንል ስንቶቻችን ነን? እኔ ብዬአለሁ። ማታ የሚተርፈኝን ትንሽ ጉልበት እንደ ትርፍ ነበር የምቆጥረው። ለካ ያን ዓርብ ልጅቷን ያነሳሁት በዚያች በተረፈችው ነበር። በጣም ደክሞኝ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብም አልፈልግም።

ልጁ በሳምንቱ መካኒኩን ጠርቶ ኮምፒዩተሩን ወደ ድሮው አስመለሰ። አዲሱን ቀለበት ግን አላስወጣውም። እኔም አስወጣው አላልኩትም።

ራሳችሁን ጠብቁልኝ። ደህና ሰንብቱ።

እህታችሁ