ልክ ያለው ጉልበት

የትራክተር ጉተታ ውድድር አንድ ትራክተር ከኋላው የተያያዘለትን ከባድ ሸርተቴ ምን ያህል ርቀት እንደሚጎትት የሚፈተንበት ስፖርት ነው። የአሜሪካ ገበሬዎች መጀመሪያ በፈረስ፣ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በሞተር ተወዳድረውበታል፤ በ1969 ብሔራዊ ማኅበር ተቋቁሞ ወጥ ደንብ ወጣለት። ሙሉ ጉተታ የሚባለው 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ነው። ትራክተሩ ወደፊት በሄደ ቁጥር በሸርተቴው ላይ ያለው ክብደት ከኋላ ወደ ፊት ስለሚሳብ ሸክሙ በየሜትሩ እየከበደ ይሄዳል። ለዚህ ፈተና አሮጌ የእርሻ ትራክተር ሞተርን ማጎልበት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ሙያው ግን ከጋራዥ የሰፋ ጥያቄ ያስነሳል፦ ሞተርን የበለጠ ብርቱ ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው? ብርታት የሞተሩ የራሱ ሀብት ነው ወይስ ከሚጎትተው ነገር ጋር ያለው ዝምድና?

ጥያቄውን ለመመርመር የምዕራብ ጎንደር ቆላ የተመቸ ቦታ ነው። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገንዳ ውኃ፣ ወዲያም ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ በተዘረጋው ሜዳ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረታል፤ ሰፋፊው እርሻም ያለ ትራክተር አይታሰብም። መሬቱ በአብዛኛው ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጎማ ላይ እየተጣበቀ መንገድ ይነሳል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ አፈሩ ለእርሻ የሚለሰልስበት ጊዜ አጭር ነው። ሰሊጥ ዘግይቶ ከተዘራ ምርቱ ይቀንሳል፤ ውኃ ከተኛበትም ይበላሻል። ስለዚህ የቆላው ትራክተር የሚወዳደረው ከሸርተቴ ጋር ሳይሆን ከዝናብ ጋር ነው።

ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚያቃጥለው ነዳጅ ነው፤ ነዳጅ ደግሞ ያለ አየር አይነድም። አንድ ኪሎ ናፍጣ በሙሉ እንዲነድ 14 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይፈልጋል። ከዚህ በመነሣት ሞተርን ማጎልበቻው መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው በየምቱ የሚቃጠለውን ማብዛት ነው፦ ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን መግጠም፣ ወይም በተርቦ ተጨማሪ አየር አስገብቶ ከፖምፓው የሚወጣውን ናፍጣ ከፍ ማድረግ። የ100 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ወደ 104 ቢሰፋ ይዘቱ 8 በመቶ ገደማ ያድጋል። ሁለተኛው፣ በተለይ በቤንዚን ለሚሠሩ አሮጌ ሞተሮች የተለመደው፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ማለትም ቴስታታውን፣ አስልጎ እመቃውን መጨመር ነው። ሦስተኛው የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ለቅቆ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን ዙር ማብዛት ነው።

ከሦስቱ አንዱም በነፃ አይገኝም። ሲሊንደሩ ሲሰፋ ግድግዳው ይሳሳል። እመቃው ሲጨምር በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይጨነቃል። አየሩ ሳይበቃ ናፍጣው ብቻ ሲጨመር ጭሱ ይጠቁራል፣ የፒስተኑ አናት ከልክ በላይ ይግላል፤ ያልነደደው ናፍጣም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ የፒስተኑን ፋሻ ያስበላል። የዙሩ ዋጋ ከሁሉ ይከብዳል፦ ፒስተኑን ከታች የሚይዘው ዘንግ የሚሸከመው የውዝዋዜ ጫና የሚያድገው በዙሩ ስኩዌር ነውና፣ 2,000 ዙር ወደ 3,000 ከፍ ሲል ዙሩ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ጫናው ግን 2.25 እጥፍ ይሆናል። ሞተሩ ችሎ ቢያልፈው እንኳ የተጨመረው ጉልበት ወደ ፍሪሲዮኑና ወደ ካምቢዮው ወርዶ ደካማውን መጋጠሚያ ይፈልጋል። እንዲህ ሲታይ ማጎልበት ከምንም አዲስ ነገር መፍጠር አይደለም፤ ነገ ሊሠራበት የነበረውን ዕድሜ ለዛሬ መበደር ነው።

አማርኛ ይህን ነገር በቃሉ ውስጥ ይዞታል። «ጉልበት» ኃይልም ነው፣ የእግር መታጠፊያም ነው። ሸክም ያነሣ ሰው እንደሚያውቀው ክንድ ቢፈረጥም እንኳ ጉልበት ከከዳ ሸክሙ አይነሣም፤ ብርታት የሚፈተነው አካል ከመሬት ጋር በሚገናኝበት መስመር ነው። ትራክተርም እንዲሁ ነው። የሞተሩ ኃይል ጎማው አፈሩን እስከያዘ ድረስ ብቻ ጉተታ ይሆናል፤ ጎማው ከተንሸራተተ የቀረው ኃይል አፈር መቆፈሪያ ነው። የውድድር ሰዎች ክብደቱን ከትራክተሩ ፊትና ኋላ በጥንቃቄ የሚያከፋፍሉት ለዚህ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ በከፊል ተመለሰ፦ በሞተሩ ውስጥ ያለው አቅም ነው፤ ጉልበት የሚሆነው ከመሬትና ከሸክም ጋር ሲጋጠም ነው።

የቀረው ምን ያህል ቢሆን ይበቃል የሚለው ነው። «ልክ» የሚለው ቃል መጠንም፣ ወሰንም፣ ትክክልም ማለት ነው፤ አንድ ነገር ልክ ነው ሲባል መጠኑን ጠብቋል፣ ስለጠበቀም ትክክል ሆኗል ማለት ነው። ታዲያ ልክ ለሁሉ አንድ ነው ወይ? አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሚሎ የተባለውን ዝነኛ ታጋይ ያነሣል፦ ለሚሎ የሚያንሰው ምግብ ለጀማሪ ስፖርተኛ ይበዛበታል። መካከለኛው የሚገኘው ከቁጥር ሳይሆን ከተመጋቢውና ከሥራው ነው። የሞተርም ልክ እንዲሁ የሚቆረጠው ከተጠራበት ሥራ ነው።

በውድድር ሜዳ አንድ ጉተታ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይፈተሻል፣ የተጎዳው ይቀየራል። እዚያ ዕድሜን ለሜትር መለወጥ ተገቢ ሥራ እንጂ ብክነት አይደለም። ውድድሩም ቢሆን ልክ አልባ አይደለም፤ የክብደት ምድብ አለው፣ ለአሮጌ ትራክተሮች የተለየ ደንብ አለው። በመተማ ሜዳ ግን ትራክተሩ በዘር ወቅት ከማለዳ እስከ ማታ በሙቀት ይሠራል፤ መለኪያውም ስንት ሜትር ጎተተ ሳይሆን ዝናቡ ሳይቀድመው ስንት ሄክታር ጨረሰ የሚል ነው። 80 የፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌ ቤላሩስ ትራክተር እስከ ወቅቱ መጨረሻ ከሠራ፣ 120 ተደርጎ በሳምንቱ ከተሰበረው ይበልጣል።

የቆላ ሹፌር ይህን ያለ ፍልስፍና መጽሐፍ ያውቀዋል። የማረሻው ዲስክ ወደ ዋልካው ጠልቆ ሲገባ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ይጠቁራል። ልምድ ያለው ሹፌር ያን ጊዜ ነዳጅ አይረግጥም፤ ዲስኩን ጥቂት ያነሣል ወይም ማርሽ ይቀንሳል። ጭሱ እንደገና ሲገረጣ ሞተሩ ልኩን አግኝቷል።

የልክ ጥያቄ ከሞተር ወደ ሰው የሚሻገረው ዋጋውን ማን ይከፍላል ሲባል ነው። ተወዳዳሪው የሚያቃጥለው የራሱን ፒስተን ነው፤ ትራክተር የሚከራይ ገበሬ ግን ማሽኑ መንገድ ላይ ከቀረ የሚያጣው የዓመቱን ዘር ነው። ስለ ጉልበት እውነቱን መናገር ግዴታ የሚሆነውም ከዚህ ነው። የአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት በ1919 እ.ኤ.አ. ማንኛውም የትራክተር ሞዴል በግዛቷ ከመሸጡ በፊት እንዲፈተን ሕግ ያወጣችው፣ ዊልሞት ክሮዚየር የተባለ ገበሬና የምክር ቤት አባል የገዛቸው ትራክተሮች የተነገረላቸውን ያህል ሳይሆኑ ስለቀሩበት ነው። ያልተለካ ብርታት በሌላው ትከሻ ላይ የሚወድቅ ተስፋ ነው።

በብዙ አሮጌ ፖምፓዎች ላይ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ብሎን በቀጭን ሽቦና በእርሳስ ማኅተም ይታሰራል። ያ ማኅተም ፋብሪካው ለእርሻ ሥራ ያሰበው ልክ ምልክት ነው። ለሌላ ሥራ ሲባል ሊፈታ ይችላል፤ የሚፈታው እጅ ግን ምን እንደሚጎተት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጎተትና ቢሰበር ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ መመለስ አለበት። እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ሞተሩ ብርቱ ነው ማለት ትርጉም ይኖረዋል።