የተበላሹ ወረቀቶች ግድግዳ

አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ የግራፊክስ ዲዛይን ስቱዲዮ የነበራቸው አንድ ባለሙያ ነበሩ። በወጣትነታቸው የእርሳስ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ያኔ አንድ መስመር ለመደርደር እያንዳንዱን ፊደል ከሳጥኑ መልቀም ግድ ነበር። የኛ ፊደል ደግሞ በቀላሉ አያልቅም፤ 33ቱ በሰባት ሰባት ሲሄዱ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ። ኮምፒውተር ሲመጣ ሳጥኑ ቀረ፤ የሰውዬው ዓይን ግን አልተለወጠም።

በስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ሽልማት አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር የተሰቀሉት የተበላሹ ኅትመቶች ነበሩ። አንዱ ብሮሸር ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይታይበታል፤ ሠሪው ቀለሙን ከመቁረጫው መስመር ሦስት ሚሊ ሜትር አላሳለፈውም። አንዱ ፖስተር ስክሪን ላይ ደማቅ ሰማያዊ የነበረው ወረቀት ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጥቷል። በአንድ የሠርግ ጥሪ ላይ ደግሞ የሙሽሮቹ ስም በሚጻፍበት ቦታ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላት ተደርድረዋል። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲኖቹ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ፋይሉ ሲከፈት የሚወጣው ይኸው ነው።

ወደዚህ ቤት አንድ ወጣት ለተለማማጅነት መጣ። እጁ ፈጣን፣ ሎጎዎቹም የሚያምሩ ነበሩ። ግድግዳውን አየና «ጋሼ፣ ይሄ የማን ሥራ ነው?» አለ።

«የኔ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም የኔ።»

ወጣቱ በልቡ «ከእኚህ ሰው ምን ልማር ነው?» አለ። ወረቀቶቹ እንዴት እንደተበላሹ ግን አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ፋይል ይዞ ማተሚያ ቤት መመላለስ፣ ፕሩፍ ማምጣት፣ የፊደል ግድፈት መልቀም ሆነ። ከፋው። እኔ በዚህ በኩል ለልጁ አላዝንም። የብራና ጸሐፊ ተማሪም ብዕር ከመጨበጡ በፊት ቆዳ ይፍቃል፣ መስመር ያሰምራል፤ እጅ ቁሳቁሱን ካላወቀ ዓይን ብቻውን ሙያ አይሆንም።

አንድ ቀን ለእናቶች የሚታደል በራሪ ወረቀት ታዘዘ፤ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ኦ አር ኤስ እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚያስረዳ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ሕፃኑ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ይጠበቅና ቀስ እያሉ እንደገና መስጠት ነው፤ የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ባለሙያው ሥራውን ለልጁ ሰጡት። እሱም ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ በቀጫጭን ነጭ ፊደል አሰማምሮ ሠራው። ስክሪኑ ላይ አጉልቶ ሲያየው ምንም አልጎደለውም። ባለሙያው ቸኩለው ፈረሙ፤ ልጁ ብቻውን ማተሚያ ቤት ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ከማሽኑ ሲወጡ ማሽኒስቱ አንዱን ወደ ብርሃን አስጠጋ። «ፊደሉ ሞልቷል» አለ። ሰማያዊው መደብ ከአንድ በላይ ቀለም ተደራርቦ የሚሠራ ነው፤ አንዱ ፕሌት ከሌላው ፀጉር ታህል ፈቀቅ ሲል፣ ቀለሙም ወረቀቱ ላይ ትንሽ ሲሰፋ፣ ቀጭኑ ነጭ መስመር ይዋጣል። በኛ ፊደል ደግሞ ቀድማ የምትዋጠው ትንሿ ቅጥል ናት፤ የሳልሷ የእግር ሰረዝ፣ የኃምሷ ቀለበት። «ቢያስመልሰው» የሚለው «በያስመልሰው» ሆኗል። 24 የሚለው ቁጥርም ደብዝዟል።

«ልቀጥል?» አለ ማሽኒስቱ።

ልጁ አየ፤ ገባውም። ሆኖም ጥፋቱን አምኖ ወደ ስቱዲዮ መመለሱን ፈራ። «ቀጥል» አለ።

የታተመው ሲደርስ ባለሙያው አንድ ወረቀት አንሥተው በማጉያ መነጽር አዩት። ስልክ አነሡና ለደንበኛው «ወረቀቱ መታደል የለበትም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንደገና አሳትማለሁ» አሉ። የወረቀቱን፣ የፕሌቱንም ሒሳብ ከኪሳቸው ከፈሉ። ቀጥለው ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ልጁ መቆም አቃተው። «ጋሼ፣ ማሽኒስቱ እኮ ጠይቆኝ ነበር።»

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን የኔ ነው አሉ?»

«ብቻህን የላክሁህ እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

ልጁ ቀና ብሎ የሠርግ ጥሪውን አየ። ፊደል ሲለቅም ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በእጁ አያወጣም። «ይሄንን እርስዎ አልሠሩትም» አለ።

«የወጣው ከዚህ ቤት ነው» አሉ ባለሙያው፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

ያን ቀን ልጁ በግድግዳው ጥግ ካለው ወረቀት ጀምሮ «ይሄ እንዴት ተበላሸ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። በራሪ ወረቀቱን በነጭ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ጥቁር ቀለም ብቻ፣ ወፈር ባለ ፊደል እንደገና ሠራው። ከዚያ ወዲያ በማሽኑ አጠገብ ሲቆም «አቁም» የሚለውን ቃል አልፈራም።

ተለማማጅ የምትቀበሉ ሁሉ፣ ልጁን ከኮምፒውተሩ አስነሥታችሁ ማተሚያ ቤት ይዛችሁት ሂዱ፤ ብቻውን አትላኩት። ማሽን የማስቆም ሥልጣን ስጡት። ወረቀት ሲበላሽም ሒሳቡ በእናንተ ስም ይጻፍ።