ቢሮ የገባው ቋንቋ ከቤት እንዳይወጣ፦ ለአቦከር ወጣቶች ምክር

ልጆቼ፣ ስለ ሐረሪ ቋንቋችን ስለ ጌይ ሲናን በየመድረኩ የምትሰሙት ንግግር ከሁለት አይዘልም። አንዱ ውዳሴ ነው፦ ቋንቋችን ጥንታዊ ነው፣ በዐረብኛ ፊደል ለዘመናት ተጽፎበታል፣ ሊቃውንት ተቀኝተውበታል። ሌላው ሙሾ ነው፦ ቋንቋችን እየጠፋ ነው፣ የድሮ ሰዎች አለቁ፣ ወጣቱ ረሳ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ከሰሚው ምንም አይጠይቁም። ያወደሰውም ያለቀሰውም መድረኩ ሲያበቃ ቤቱ ገብቶ ከልጁ ጋር በአማርኛ ያወራል። በሐረር በአቦከርና በግንብ በታጠረው በጁገል፣ ከዚያም አልፎ በድሬዳዋ፣ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ላላችሁ የሐረሪ ልጆች እኔ የምመክረው ግን የሚጠይቃችሁ ነገር አለው። ባጭሩ የምለው ይህ ነው፤ መንግሥት ለአንድ ቋንቋ ሊሰጥ ከሚችለው አብዛኛውን ለጌይ ሲናን ሰጥቷል። የቀረው መንግሥት ሊሰጠው የማይችለው ነው፤ እሱም ያለው በእናንተ አፍ ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በ1987ቱ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በመላ አገሪቱ ሐረሪ ነኝ ያለው ሰው 21,757 ነበር፤ ጌይ ሲናን አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ደግሞ 21,283። ልዩነቱ አምስት መቶ እንኳ አይሞላም። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1999ኙ ቆጠራ፣ ሐረሪ ነኝ ያለው ወደ 32 ሺህ ሲጠጋ ቋንቋውን አፍ መፍቻዬ ያለው 26 ሺህ ገደማ ላይ ቀረ። ስድስት ሺህ ያህል ሰው፣ ማለትም ከአምስት ሐረሪ አንዱ ያህል፣ ማንነቱን ሲያስመዘግብ ቋንቋውን አላስመዘገበም። አሁን በእነዚያ 12 ዓመታት ምን እንደ ሆነ አስቡ። በ1987 በጸደቀው ሕገ መንግሥት ሐረሪ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። ጌይ ሲናን ከአፋን ኦሮሞ ጎን የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሆነ፤ ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ ይማሩበት ጀመር። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱ ለሐረሪ ብሔረሰብ ጉባኤ ተሰጡ። በረጅም ታሪኩ ቋንቋው እንዲህ ያለ ዘመናዊ ሕጋዊ ክብር አግኝቶ አያውቅም። ከቤት መውጣት የጀመረውም በዚያው ዘመን መሆኑን ቁጥሩ ይናገራል።

ቁጥሩን ከሚገባው በላይ እንዳንጫነው መጠንቀቅ ይገባል። ከልዩነቱ ከፊሉ ቀድሞ ማንነቱን ሳይናገር የኖረና ክልል ከቆመ በኋላ ሐረሪነቱን በይፋ የተናገረ ሰው ሊሆን ይችላል። ከፊሉም ከሐረር ውጭ የተወለደ ነው፤ ከ1940 ዓ.ም. የሐረሪዎች የኹሉብ ፖለቲካዊ እንቅስቃሴና ከተከተለው እስር በኋላ፣ ቀጥሎም በ1967 የመሬት ዐዋጅ በከተማዋ ዙሪያ የነበረው እርሻ ሲወሰድ፣ ብዙ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ፈልሷል። ይህ ማብራሪያ ግን ክርክሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም። ማንነቱን መያዝ ጥቅም ሲያስገኝ ያዢው በዛ፤ ቋንቋውን መናገር ግን ጥረት ስለሚጠይቅ ተናጋሪው በዚያው ልክ አልበዛም። ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። አየርላንድ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷን ቋንቋ ብሔራዊ አድርጋ በየትምህርት ቤቱ ስታስተምር ኖራለች፤ በ2022ቱ ቆጠራ ቋንቋውን እችላለሁ ያለው 1.9 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ሳለ ከትምህርት ገበታ ውጭ በየቀኑ የሚናገረው 72 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። የቋንቋ ምሁሩ ጆሹዋ ፊሽማንም በዚህ ጉዳይ ላይ ባሳተመው ሰፊ ጥናት የደረሰበት መደምደሚያ ይኸው ነው፤ ቋንቋ ከእናትና ከአባት ወደ ልጅ በቤት ውስጥ ካልተላለፈ ትምህርት ቤትና ጽሕፈት ቤት ብቻቸውን አያድኑትም።

እንግዲያው እስከ ዛሬ ያቆየው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ግንቡ ነው ይላል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ከተማዋን ከጥቃት ጠብቋት ይሆናል፤ ሰውን ግን አላገደም። ማታ የሚዘጉት አምስቱ በሮች ጧት ተከፍተው ኦሮሞውም ሶማሌውም አርጎባውም ሸቀጡን ይዞ ይገባባቸው ነበር። ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሲገባ ከግንቡ ውጭ የማይነገር፣ በዙሪያው በትልልቅ ቋንቋዎች የተከበበ ቋንቋ አገኘ፤ ሰዋስዉንም በመጽሐፉ መጨረሻ ጽፎ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ገዙ፤ በ1879 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ደግሞ ከተማዋ በምኒልክ እጅ ገባች። ግንቡ እያለ አሚሮቹ አልፈዋል፤ ቋንቋው ግን አላለፈም። ያቆየው ሰው ያለ እሱ የማይገባበት ኑሮ መኖሩ ነው፦ ሰርጉና ሐዘኑ በመረዳጃ ማኅበሩ በአፎቻ ይሠራል፣ ጓደኝነቱ በልጅነት እኩያ ይጸናል፣ ጋብቻው በሠፈር ይተሳሰራል፣ ይህ ሁሉ ደግሞ የሚካሄደው በጌይ ሲናን ነው። ከዐረብ፣ ከሶማሌ፣ ከኦሮሞ ወይም ከአርጎባ ወገን የመጣ ሰው በከተማዋ ሲኖር፣ ሲጋባና ሲናገር ልጆቹ ሐረሪ ሆኑ። ቋንቋው የኖረው ሰው በመቀበል ነው።

ኑሮው ሲቀር ቋንቋው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ለማየት ሩቅ መጓዝ አያስፈልግም። ከሐረር ብዙም በማይርቀው በኮረሚ የሚኖሩት አርጎባዎች ቤታቸውን፣ ሃይማኖታቸውንና ስማቸውን እንደ ያዙ ናቸው፤ የአባቶቻቸው አርጎብኛ ግን በዚህ አካባቢ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ቋንቋው የሚሰማው በወሎና በሸዋ ምሥራቃዊ ዳር ባሉ ጥቂት መንደሮች ነው። ጋፋትኛ ደግሞ ከዚህ የከፋ ዕጣ ገጠመው፤ በአባይ ዙሪያ በስፋት ይነገር የነበረው ይህ ቋንቋ በ1947 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው ሲፈልገው የሚችሉት አራት ሰዎች ብቻ ቀርተው ነበር። ያው ሌስላው በ1963 እ.ኤ.አ. የሐረሪን የቃላት አመጣጥ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ጋፋትኛም ሐረሪም መጽሐፍ አላቸው፤ ልዩነታቸው በሐረሪ ዛሬም በመንገድ ላይ ልጅ ሲጣራ መሰማቱ ነው። መዝገበ ቃላት ቃሉን ያስቀምጣል፤ ቃሉን የሚያኖረው ግን ተናጋሪ ነው።

አንዳንዶቻችሁ፣ በጌይ ሲናን እንጀራ አይበላም፣ ለሥራ አማርኛ፣ ለክልሉ አፋን ኦሮሞ፣ ለውጭው ዓለም እንግሊዝኛ ያስፈልገናል ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ሁሉንም ተማሩ። የሐረር ነጋዴ ድሮም በአንድ ቋንቋ አልነገደም፤ ከኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ከሶማሌው በሶማልኛ እየተነጋገረ፣ ቁርኣኑንና ደብዳቤውን በዐረብኛ እያነበበ ቤቱ ሲገባ በቋንቋው ያወራ ነበር። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ግዴታ ቢሆን ኖሮ ይህች ከተማ በንግድ ባልታወቀች ነበር። ደግሞም ይህን ልብ በሉ፦ አማርኛን ትምህርት ቤቱም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ጎረቤቱም ያስተምራችኋል፤ እንግሊዝኛንም ስልካችሁ ሳትፈልጉ ያስለምዳችኋል። ጌይ ሲናንን ግን ቤታችሁ ካላስተማራችሁ ሌላ ማን ያስተምራችኋል? ስለዚህ በቤት ውስጥ በአማርኛ የሚያወራ ወላጅ ልጁ ከየትም የሚያገኘውን እየሰጠ ከየትም የማያገኘውን ይነፍገዋል። እኔም ይህን በአማርኛ የምጽፈው ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ይበልጥ የምታነቡት በእሱ ስለ ሆነ፣ ጎረቤቶቻችንም እንዲሰሙ ስለምሻ ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ ሐረሪነት በቋንቋ ብቻ አይለካም፣ የሹዋሊድ በዓል አለን፣ የባህል ቤታችን ጌይ ጋር አለን፣ አለላ ስፌቱ አለን፣ ሃይማኖቱ አለን ይላሉ። እውነት ነው፤ ቋንቋውን ያልያዘ ሐረሪ ሐረሪ አይደለም የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። ጁገል በ1998 ዓ.ም.፣ ሹዋሊድም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የቅርስ መዝገቦች ሲሰፍሩ እኔም እንደ እናንተ ደስ ብሎኛል። ዳሩ ግን እነዚህ ነገሮች በምን እንደሚተላለፉ ጠይቁ። በጌይ ጋር ውስጥ እያንዳንዱ ነደባ፣ ማለትም መደብ፣ ስምና ተቀማጭ አለው፤ ማን ከማን ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ፣ በሰርግ የትኛው ስፌት በየትኛው ግድግዳ እንደሚሰቀል ሕግ አለው። የሹዋሊድ መንፈሳዊ ዝማሬ ዚክሪም ቢሆን ዜማውን ብቻ ሳይሆን ግጥሙን ይዞ ነው የሚወርደው። ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ ነደባውን ያያል፣ ዜማውንም ያዜማል፤ ምን እንደሚል ግን አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ በገዛ ቤቱ የጎብኚን ያህል ብቻ ያውቃል። ቅርስ ለጎብኚ ሊቀርብ ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ራሱ ጎብኚ መሆን የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ የማከብረው ተቃውሞ ግን ሦስተኛው ነው። አገራችን በቋንቋ እየተከፋፈለች ብዙ ደም ባፈሰሰችበት ዘመን ስለ ብሔረሰብ ቋንቋ መምከር እሳት መጫር አይሆንም ወይ የሚል ሰው አለ። በተለይ አቦከርን በመሰለ፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌውና ሶማሌው ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት ወረዳ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ መሠረት ከክልሉ 100 ነዋሪዎች ሐረሪው 9 እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ቋንቋውን የማጠሪያ መሣሪያ ያደረገ ሰው ጎረቤቱን ከመበደሉ በፊት ቋንቋውን ይገድለዋል። የታሪካችን ትምህርት ግን ሌላ ነው። ቋንቋው የኖረው በሩን ለመጣ ሁሉ ስለ ከፈተ ከሆነ፣ ዛሬም የሚኖረው በዚያው መንገድ ነው። የኦሮሞ ጓደኛችሁ ሰላምታውን በጌይ ሲናን ሲጀምር አትሳቁበት፤ ቀጥል በሉት፤ እናንተም በኦሮምኛ መልሱለት። ከሌላ ወገን ያገባችሁ ቤታችሁን በአንድ ቋንቋ አታጥሩ፤ ልጁ የአባቱንም የእናቱንም ይውሰድ። የራሱን አክብሮ የጎረቤቱን የሚማር ሰው ለጥላቻ ሰባኪ ጆሮ የለውም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የአብዛኞቻችሁ ችግር አለማወቅ አይደለም፤ ሰምቶ መረዳትና በሌላ ቋንቋ መመለስ ነው። አያት በጌይ ሲናን ይጠይቃሉ፣ የልጅ ልጅ በአማርኛ ይመልሳል፣ ሁለቱም ይግባባሉ፤ ስለሚግባቡ ማንም አደጋውን አያይም። አደጋው ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሰምቶ የሚረዳ እንጂ የማይናገር ትውልድ ለልጁ የሚያወርሰው ንግግር የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ በጌይ ሲናን ለጠየቃችሁ ሰው በጌይ ሲናን መልሱ፣ ቢያንስ የምታውቁትን ያህል። ሁለተኛው፣ በታናናሾቻችሁ ላይ ሥሩ። ሕፃን የእኩዮቹንና የታላላቆቹን ቋንቋ ይከተላል፤ ወንድምና እህት በመካከላቸው ካወሩበት ወላጅ ባይኖርም ቋንቋው ይቀጥላል። በኒው ዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮሃንጋ ሬኦ የተባሉ የሕፃናት መዋያዎችን ከፍቶ አረጋውያን ከትንንሽ ልጆች ጋር እንዲውሉ ያደረገው ይህን ተረድቶ ነው። አፎቻ ያለው ሕዝብ እንዲህ ያለውን ለማደራጀት አዲስ ማኅበር መፍጠር አያስፈልገውም። ሦስተኛው፣ ጻፉበት። በዐረብኛ ፊደል፣ በግዕዝ ፊደል ወይስ በላቲን ይጻፍ የሚለው ክርክር ለምሁራን የተገባ ነው፤ እናንተ ግን ፍርዱን አትጠብቁ። በስልክ መልእክት ስትላላኩ በቀረባችሁ ፊደል ጻፉ፤ የተጻፈ ነገር ካለ ፊደሉ በኋላ ሊስተካከል ይችላል፣ ያልተጻፈው ግን የሚስተካከልበት የለም።

ለእኩዮቼም የማስተላልፈው አንድ ቃል አለ፤ ወጣቶቹ ሲሳሳቱ የምንስቅባቸው እኛ ነን። ልጅ ቃሉን ሲያጣምም ወይም አማርኛ ሲቀላቅል እናፌዝበታለን፤ እሱም ያፍርና ዝም ይላል፣ ከዚያ ወጣቱ ቋንቋውን ጣለ ብለን እንከሰዋለን። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ይባላል፤ ቋንቋውን ከነስሕተቱ ያልወደደ ሽማግሌ ትክክለኛውን ይዞ ይቀበራል። እናንተም ልጆቼ፣ ብንስቅባችሁ አትፈሩን፤ ተናገሩና አርሙን በሉን። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ምረጡ፤ እናት፣ አያት፣ ጎረቤት ወይም ጓደኛ ይሁን፤ ከዚያ ሰው ጋር በሌላ ቋንቋ ላለማውራት ተስማሙ። ክልሉ ሕግ ሊያወጣ፣ ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ሊያሳትም ይችላል፤ ይህን ስምምነት ግን በእናንተ ፋንታ የሚፈርም መሥሪያ ቤት የለም።