ወጥ ቤት የምትቆመው እህታችን

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን። አማ በዕድ፤ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ራሴንም እናንተንም አላህን እንድንፈራ አደራ እላለሁ። ዛሬ የማነሣው የቤት ሠራተኞቻችንን ሐቅ ነው።

አቡ ዘር (ረ.ዐ) በአንድ ወቅት አንድን ሰው በእናቱ ሰደቡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ የጃሂልያ ጠባይ ገና እንዳለባቸው ነግረው ገሠጿቸው። ልብ በሉ፤ አቡ ዘር ቀድመው ከሰለሙት አንዱ ናቸው፤ ተግሣጹ ግን አልቀረላቸውም። በዚያው ተግሣጽ ነቢዩ አገልጋዮቻችን ወንድሞቻችን እንደሆኑ፣ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናሠራቸው አዘዙ። አቡ ዘር ይህን ታሪክ የተናገሩት፣ አገልጋያቸው እንደሳቸው ለብሶ ያየ ሰው ምክንያቱን ሲጠይቃቸው ነው።

ነቢዩን በልጅነታቸው የተንከባከቧቸው ኡሙ አይመንም ሐበሻ አገልጋይ ነበሩ። ነቢዩ እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር፤ ከሞቱም በኋላ አቡ በክርና ዑመር ያንኑ ልማድ ተከትለው ሊጠይቋቸው ሄደዋል።

እኛስ? በረመዳን ሱሑራችንን የምታቀርብ፣ ሳምቡሳችንን የምትጠብስ ልጅ፣ አዛን ሲል እኛ ተምር ስናነሣ እሷ ወጥ ቤት ቆማ ታፈጥራለች። ስም እያላት «አንቺ» ትባላለች። ደሞዟ «እኔ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» ተብሎ ወራት ይቆያል፤ ብርጭቆ ከሰበረች ግን በዚያው ወር ይቆረጥባታል። ይህ ዙልም ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እህቶቻችን በሪያድና በቤሩት ፓስፖርታቸው ተነጥቆ፣ በር ተቆልፎባቸው ሲሠሩ እናለቅሳለን፤ ማልቀሳችንም ተገቢ ነው። እዚህ በኛው ቤት በር የተቆለፈባትስ የማን እህት ናት? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ስለዚህ ሐቋ የቆመው ከሁሉ በፊት በአሠሪዋ የአላህ ፍራቻ ላይ ነው። ሠራተኛ አሠርቶ ደሞዙን የከለከለን ሰው አላህ በቂያማ ቀን ራሱ እንደሚከራከረው በሐዲስ ተነግሮናል።

እናም ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለሱ ያልከፈላችሁት ደሞዝ ካለ ክፈሉ። የሰደባችኋት ካለች ዐፍው እንድትላችሁ ጠይቋት። ማታ ማዕድ ሲቀርብ ስሟን ጠርታችሁ አብራችሁ አስቀምጧት።